ቁጥጥር ውስጥ የገባው ትምህርት ቤት

ደብዳቤው የደረሰው በ2009 ዓ.ም.፣ ኅዳር ውስጥ አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ከወረዳ የመጣው መልእክተኛ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ በቢሮው መስኮት አቀበለና፣ አስፈርሞ፣ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። አቶ ኤርጎ ደብዳቤ አይወድም። ከካኮ ገበያ በላይ ኮረብታው ወገብ ላይ ያለውን የዋርካ ሥር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በርዕሰ መምህርነት መምራት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ደስ የሚል ነገር ይዞ የመጣ ደብዳቤ አያስታውስም። ሪፖርት ላክ፣ ስብሰባ ና፣ ችግኝ ትከል፣ የተከልከው ችግኝ የት ደረሰ። ቢሆንም ከፈተው።

«ጉዳዩ፦ ትምህርት ቤታችሁ በቁጥጥር ቡድን ውስጥ መመደቡን ስለማሳወቅ።»

የቀረውን ተቀምጦ አነበበ። በወረዳው በሚካሄደው የንባብ ማሻሻያ ፕሮግራም ጥናት መሠረት ትምህርት ቤቱ ለሁለት ዓመት በቁጥጥር ቡድን ውስጥ ይቆያል፤ መረጃ ሰብሳቢዎች በየጊዜው ሲመጡ አስፈላጊው ትብብር ይደረግላቸው ዘንድ በጥብቅ ይሳሰባል። ከታች ማኅተም፣ ከማኅተሙ ሥር ግልባጭ፤ ግልባጩም ለሦስት ቦታ።

ኤርጎ የሚያውቀው ቁጥጥር የአንድ ቀን ነው። ሱፐርቫይዘሩ ይመጣል፣ ምሳ ይጋበዛል፣ መዝገብ ላይ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ሁለት ዓመት የሚቆይ ቁጥጥር ግን ሰምቶ አያውቅም። የታሰረ ሰው እንኳ አመክሮ አለው።

ነገሩ ጂንካ ላይ በአዳራሽ በደንብ ተብራርቶ ነበር። ከወር በፊት ርዕሳነ መምህራኑ በሙሉ ተጠርተው ሄደዋል፤ ኤርጎም ሄዷል። ከአዲስ አበባ የመጣችው ተመራማሪ ልትጀምር ስትል ግን አንድ ሰው «የውጪው ሞተር የማን ነው? ጎማው ተንፍሷል» ብሎ ጠየቀ፤ የኤርጎ ነበር። ጎማ ጠጋኙ ዘንድ ወረፋ ጠበቀው። ሲመለስ ሰዉ ሻይ ላይ ነበር፤ ከሻዩ በኋላ ፎቶግራፍ ነበር። ፎቶግራፉ ላይ ኤርጎ መሐል ቆሞ ሁሉን እንደተረዳ ሰው ፈገግ ብሏል።

አሁን ቢሮው ውስጥ ብቻውን ሆኖ ጥፋቱን መቁጠር ጀመረ። ብዙ አልነበረም። አንድ ነበር፤ እሱም ሰኞ ነበር።

የካኮ ገበያ ሰኞ ነው። ሰኞ ከበና በኩል ፍየልና ቅቤ፣ ከአሪ በኩል ጎመንና ሙዝ፣ ከጂንካ በአይሱዙ ሳሙናና ጨርቅ ይወርዳል። ሰኞ ወላጅ ይወርዳል፣ ልጅም ወላጁን ተከትሎ ይወርዳል። የስምንተኛ ክፍሉ የሒሳብ መምህር ዳርጌ ገበያው መሐል የጨውና የላስቲክ ጫማ መደብ ስላለው እሱም ይወርዳል። ኤርጎ ራሱ ሃያ ቀፎ ንብ አለው፤ ማሩ ደግሞ የሚሸጠው ሰኞ ነው። እንግዲህ ሰኞ ሰኞ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚገኙት ዘበኛው፣ ጥቂት የሠፈር ፍየሎችና የሁለተኛ ክፍሏ መምህርት ሣራ ከአሥር ከማይበልጡ ልጆች ጋር ነበሩ። በየወሩ ወደ ወረዳ በሚሄደው ሪፖርት ላይ ግን የተማሪዎች መገኘት ዘጠና ስድስት ከመቶ ነው። ለሰኞም ለማክሰኞም ያው ዘጠና ስድስት ነው። ኤርጎ ቁጥሩን የመረጠው መቶ ቢል ስለሚጋነን ነው።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ አለምነሽ በረንዳው ላይ በቆሎ ትፈለፍል ነበር።

«ቁጥጥር ውስጥ ገባን» አላት።

«ማን?»

«ትምህርት ቤቱ። ለሁለት ዓመት።»

«የጠፋ ዕቃ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሃል?»

«ሰኞ ነዋ።»

አለምነሽ እጇን ከበቆሎው አነሣች። ማሩን ተሸክማ የምትወርደው እሷ ናትና ሰኞ እሷንም ይመለከታል።

«ጂንካ ሄጄ ምን ማለታቸው እንደሆነ ልጠይቃቸው ይሆን?» አለ ኤርጎ።

«ምን ብለህ? የጠየቀ ሰው የበላው ነገር ያለ ይመስላል። ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ።»

ለኤርጎ ይኼ ምክር ከባድ መስሎ ታየው፤ ግን ሌላ ምክር የሚሰጠው ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ አሥራ አንዱን መምህራን ሰብስቦ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበላቸው። ሁለተኛውን ጊዜ ዝግ ብሎ ነበር። ከገዘር የመጣችው ሣራ ከሁሉም በዕድሜ ታናሽ ናት፤ እጇን አወጣች።

«ዳይሬክተር፣ ይኼ ቃል የጥናት ቃል ይመስለኛል። ኮሌጅ ሳለን …»

«እኅቴ፣ ጥናትም ቁጥጥር ነው፤ የሚለየው ወረቀቱ መብዛቱ ነው» አለና አስቀመጣት። «አሁን የምንነጋገረው ስለ ሰኞ ነው።»

ሁሉም ወለሉን አዩ። ዳርጌ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኛ እንኳ ብንገኝ ልጆቹ አይገኙም። ባዶ ዴስክ ማስተማር ነው።»

«ልጆቹን የሚወስዷቸው እናቶቻቸው ናቸው» አለች ሣራ፣ ሳይፈቀድላት። «እናቶቹ ደግሞ ጠዋት ገበያ ቢደርሱ የሚያገኙት ሰው የለም። ገበያው የሚሞቀው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሰኞ ብቻ አንድ ሰዓት ላይ ገብተን አምስት ተኩል ላይ ብንለቅስ? ልጁም ተምሮ ይወርዳል፣ መምህሩም …» እዚህ ላይ ወደ ዳርጌ ሳታይ አቆመች።

ዳርጌ አሰበና «ጨው አይበላሽም» አለ። ውሳኔው በዚህ ጸደቀ።

ለወላጆች ማስታወቅ ቀላል ነበር፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከስብከቱ በኋላ ማስታወቂያ አለ። ወንጌላዊው የሰዓቱን ለውጥ በትክክል ተናገሩ። ከዚያ ግን በራሳቸው ፈቃድ «ትምህርት ቤታችን ቁጥጥር ውስጥ ስለገባና ወንድማችን ኤርጎም ስለ ተጨነቀ በጸሎት እናስባቸው» ብለው ጨመሩ። ምእመኑ ተነሥቶ በአሪኛና በአማርኛ ለረጅም ጊዜ ጸለየ። ኤርጎ ዓይኑን ጨፍኖ በጸሎቱ መሐል ስሙን አራት ጊዜ ሰማ። በሚቀጥለው ቀን፣ ሰኞ አንድ ሰዓት ላይ፣ ዘበኛው የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታ ሁለት መቶ የሚሆን ልጅ ተሰልፎ ነበር። ወላጆቹ የመጣው ነገር ምን እንደሆነ ባያውቁም ልጃቸው ጎድሎ ዳይሬክተሩ እንዲታሰር አልፈለጉም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለኤርጎ የፍርሃት ነበሩ። ተቆጣጣሪው መቼና በምን መልክ እንደሚመጣ ስለማያውቅ የመጣውን ሰው ሁሉ ተቀበለ። መንገድ የሚለካ መሐንዲስ ውሃ ለመጠየቅ ጎራ ቢል ወንበር፣ ማርና የሦስት ዓመት የስም መጥሪያ ቀረበለት። የጠፋች ፍየሉን የሚፈልግ አንድ የበና ሰው ወደ ቢሮ ገብቶ የዓመቱ ዕቅድ ተነበበለት፤ ሰውየው በትዕግሥት አድምጦ ሲያበቃ ፍየሏ ነጭ መሆኗን ተናገረ።

እውነተኛዋ መረጃ ሰብሳቢ በታኅሣሥ ስትመጣ ኤርጎ ሊያምን አልቻለም። ትህትና ትባላለች፤ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ በጀርባዋ ቦርሳ፣ በእጇ ታብሌት፣ በእግሯ ሸራ ጫማ። እንዲህ ያለችውን ልጅ ሌላ ጊዜ «ነይ እስቲ ግቢ» ይላት ነበር። አሁን ተነሥቶ «ይግቡ፣ እዚህ ይቀመጡ፣ እርስዎ ሻይ ይሻልዎታል ወይስ ለስላሳ?» አለ። ልጅቷ ከኋላዋ ሌላ ሰው የመጣ መስሏት ዞራ አየች።

ትህትና በመጀመሪያ ከየክፍሉ ልጆች እየጠራች ዋርካው ጥላ ሥር አስነበበቻቸው። አንድ ደቂቃ ትሰጣለች፤ ልጁ ባነበበው ቃል ልክ ታብሌቱን ትነካለች። ኤርጎ ከመስኮቱ ሆኖ የልጆቹን ከንፈር ያይ ነበር። የብዙዎቹ ከንፈር አይንቀሳቀስም። ቀጥሎ እሱን ራሱን ለመጠየቅ ገባች።

«ባለፈው ሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ አስተማሩ?»

«እኔ?»

«ርዕሰ መምህሩም ክፍል የያዙ ከሆነ ነው። ካልያዙ ዜሮ እላለሁ።»

ኤርጎ ክፍል ከገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ዜሮ የሚለው ቃል ግን ከግልባጩ ጋር ሦስት ቦታ ሲደርስ ታየው። «አምስት» አለ። «አራተኛ ክፍል። አማርኛ።»

ትህትና ታብሌቷን ነካችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ጥያቄዎቹ ስልሳ አንድ ነበሩ፤ ኤርጎ ከዚያች በኋላ ያሉትን እንዴት እንደመለሰ አያስታውስም። ዋሽቷል፤ የዋሸውም ማሽን ላይ ተጽፏል። እሷ ከሄደች በኋላ አሰበና አንድ መውጫ ብቻ አገኘ፤ ነገሩን እውነት ማድረግ። በማግሥቱ ጠዋት ጠመኔ ይዞ አራተኛ ክፍል ገባ። የክፍሉ አማርኛ መምህር በዕረፍቱ በጣም ተደሰተ።

ኤርጎ ሲጀምር ያሰበው ከመጽሐፉ ምዕራፍ ሦስትን ማስቀጠል ነበር። አንዲት ልጅ እንድታነብ አስነሣ። ልጅቷ ተነሥታ መጽሐፉን ቀና አድርጋ ይዛ ቆመች፤ ቆመች፤ ቆመች። አጠገቧ ያለው ልጅ በሹክሹክታ ሊነግራት ሞከረ፤ የሚነግራት ግን ከሌላ ገጽ ነበር። ኤርጎ አንድ በአንድ እያስነሣ አስነበበ። ከአርባ ስምንቱ ልጆች አሥራ ዘጠኙ አንድ መስመር ማንበብ አልቻሉም። ስድስቱ ፊደሉን ራሱ አይለዩም። እነዚህን ልጆች ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ አሳልፎ የፈረመው እሱ ነው።

የዚያን ቀን ምሳ አልበላም። ከሰዓት በኋላ ሣራን ቢሮ አስጠራት።

«እነዚህን ልጆች ምን አድርጌ ነው የማስተምራቸው?» አላት። ከአለምነሽ ጋር እንኳ እንዲህ ባለ ድምፅ ተነጋግሮ አያውቅም።

«ዳይሬክተር፣ የአራተኛ ክፍል ልጆች ናቸው ብለው ነው እርስዎ። የሁለተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ከእኔም ውስጥ እንደ አራተኛ የሚያነቡ አሉ። በየቀኑ አንድ ሰዓት ብቻ ክፍሉን ትተን በሚያውቁት ልክ ብናስቀምጣቸው? ፊደል ያልለየው ፊደል ካልለየው ጋር፣ ቃል የሚያነበው ከሚያነበው ጋር። መጀመሪያ በአሪኛ የሚያውቁትን ቃል እንስጣቸው።»

«ትልቁ ልጅ ከትንሹ ጋር ሲቀመጥ አያፍርም?»

«ቆሞ ዝም ከማለት ይበልጣል?»

ሞከሩት። የመጀመሪያው ሳምንት ሁከት ነበር፤ ግማሹ ልጅ የት እንደሚገባ ጠፍቶት ግቢው ውስጥ ሲዞር ዋለ። በሁለተኛው ወር ኤርጎ ፊደል ከማይለዩት ጋር ጉልበቱን አጥፎ መሬት ላይ መቀመጥ ለመደ። በየካቲት ያቺ ቆማ የቀረችው ልጅ ስለ ቀበሮ የተጻፉ ሦስት መስመሮች አነበበችለት፤ አንዱን ቃል ዘልላ። ኤርጎ የዘለለችውን አልነገራትም። ውጪ ወጥቶ ዋርካው ሥር ትንሽ ቆመና ተመለሰ።

ከወንዙ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ፍሥሐ ይባላል፤ የኤርጎ የኮሌጅ ጓደኛ ነው፤ በሁሉም ነገር ይፎካከሩ ነበር። የፍሥሐ ትምህርት ቤት «የድጋፍ ቡድን» ውስጥ ተመድቦ አሥራ ሁለት አረንጓዴ የመጽሐፍ ሣጥኖች በመኪና መጥተውለታል። ኤርጎ አንድ ቅዳሜ ሊያይ ሄደ። ፍሥሐ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሁለት ቁልፍ ከፈተ። ሣጥኖቹ ላስቲካቸው እንኳ ሳይነሣ በሰልፍ ተደርድረዋል። እጁን ታጥቦ መጥቶ አንዱን ከፈተና ባለ ሥዕል መጽሐፍ አወጣ።

«ሲያምር» አለ ኤርጎ። «ልጆቹ አያበላሹትም?»

«አይነኩትማ። በስሜ ነው የተመዘገበው። አንድ ገጽ ቢቀደድ ማን ይጠየቃል?»

«ታዲያ መቼ ያነቡታል?»

«ጎብኚ ሲመጣ እናወጣዋለን» አለና መጽሐፉን መለሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኛን እንኳ ደግፈውናል። አንተ ግን ምን አጥፍተህ ነው?» ብሎ ጠየቀው። የፍሥሐ ጎማ ያን የጂንካ ስብሰባ ቀን አልተነፈሰም ነበር፤ ማብራሪያው ላይ ግን ተኝቶ ነበር።

ኤርጎ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለቱ ዓመት አለቀ። ትህትና ሌላ ሁለት ጊዜ መጥታ ልጆቹን አስነብባ ሄደች። በመጨረሻ፣ በ2011 የመጀመሪያ ወራት፣ ውጤቱ ጂንካ አዳራሽ ውስጥ እንደሚነገር ጥሪ መጣ። ኤርጎ በዚህ ጊዜ ሞተሩን ቤቱ ትቶ በሚኒባስ ሄደ። ከሁሉም በፊት ደርሶ ከፊት ተቀመጠ። አለምነሽ የሠርጉን ኮት አልብሳዋለች፤ የሚፈርዱበት ከሆነ በደንብ ለብሶ ይሁን ብላ።

ተመራማሪዋ ዶክተር ዮዲት ትባላለች፤ ረጋ ያለች፣ ድምፅዋን የማታነሣ ሴት ናት። ግድግዳው ላይ በነጠብጣብ የተሞላ ሥዕል አበራች። እያንዳንዱ ነጠብጣብ አንድ ትምህርት ቤት መሆኑን ተናገረች፤ ከፍ ያለው ልጆቹ ብዙ ያነበቡበት ነው። አረንጓዴዎቹ ሣጥን ያገኙት፣ ቀያዮቹ ያላገኙት ናቸው።

«እንደምታዩት በአረንጓዴውና በቀዩ መካከል ልዩነት አላገኘንም» አለች። «ሣጥኑን ላዘጋጁት ሰዎች ይኼን መንገር ደስ አይልም፤ ግን ያገኘነው ይኼን ነው። ከሄድንባቸው ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ሣጥኑ ተቆልፎ ነው ያገኘነው።»

ፍሥሐ የወደቀ እስክሪብቶ ለማንሣት ጎንበስ አለና እዚያው ቆየ።

«አንድ ያልጠበቅነው ነገር ግን አለ።» ከላይ፣ ከሁሉም ርቆ፣ ለብቻው የቆመ አንድ ቀይ ነጠብጣብ ነበር። «ይኼ ዋርካ ሥር ነው። የዋርካ ሥር ርዕሰ መምህር አሉ?»

ኤርጎ ተነሣ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«ምን እንዳደረጋችሁ ቢነግሩን። ከእኛ የተሰጣችሁ ነገር የለም።»

ሁለት ዓመት ሲጠብቀው የነበረው ምርመራ መጣ ማለት ነው። ኤርጎ በሚኒባሱ ውስጥ ምን እንደሚመልስ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሲነሣ ግን ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋውና እውነቱን ተናገረ። የሰኞን ገበያ ተናገረ። ማሩን ተናገረ። ዘጠና ስድስቱን ከመቶ ከየት እንዳመጣው ተናገረ፤ እዚህ ላይ የወረዳው ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። አምስት ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ ብሎ መዋሸቱንና ውሸቱን እውነት ለማድረግ ክፍል መግባቱን፣ አሥራ ዘጠኙን ልጆች፣ የሣራን መላ፣ ሁሉንም ተናገረ። «ይኼን ሁሉ ያደረግነው ቁጥጥር ውስጥ ስለገባን ነው» ብሎ ጨረሰ። «አሁን ጊዜው ካለቀ ምሕረት እንዲደረግልን እጠይቃለሁ።»

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ አጠገቡ ያለው ተከተለ፣ በመጨረሻ ሰዉ ሁሉ ዴስክ እየመታ ሳቀ። ዶክተር ዮዲት አልሳቀችም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና ቀስ ብላ ተናገረች።

«አቶ ኤርጎ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ቃሉን የመረጥነው እኛ ነን። የቁጥጥር ቡድን ስንል ምንም ያልሰጠነው፣ ማወዳደሪያ የሚሆነን ማለታችን ነበር። ማንም እየተቆጣጠራችሁ አልነበረም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

ኤርጎ ተቀመጠ። መጀመሪያ የተሰማው ዕፎይታ ነው፤ ወዲያው ተከትሎት ንዴት መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ። ማሩን ለመንገድ መሐንዲስ። የአንድ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት።

በሻይ ሰዓት ዶክተር ዮዲት አጠገቡ መጥታ ተቀመጠችና የስም መጥሪያዎቹን፣ የሰኞውን ሰዓት፣ ልጆቹን በምን እንደከፋፈሉ እየጠየቀች ስትጽፍ ቆየች። የጠየቀችው እሱን እንደ አዋቂ ቆጥራ ነው እንጂ እንደ ጥፋተኛ አልነበረም፤ ኤርጎም ንዴቱ ቀስ በቀስ ለቀቀው።

«እንግዲህ ሁሉም ትምህርት ቤት ሰኞን እንዲህ ያድርግ ብላችሁ እዘዙ» አላት።

«አላዝም» አለች ዮዲት። «አንድ ትምህርት ቤት ማስረጃ አይሆንም። ሰዓቱ ይሁን፣ የልጆቹ አከፋፈል ይሁን፣ የእርስዎ ፍርሃት ይሁን ምን አውቃለሁ? በአሥራ ሁለት ትምህርት ቤት እንሞክረው። ያለ ፍርሃቱ።»

ኤርጎ በሚኒባሱ ሲመለስ የከበደው ሌላ ነገር ነበር። ቁጥጥር የሚባል ነገር እንዳልነበረ መምህራኑ ሲሰሙ ሰኞ ምን ይሆናል? ቢደብቃቸው ማን ያውቃል? ነገር ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት እውነት ተናግሮ ቤቱ ሲደርስ መዋሸት አልሆነለትም። ዓርብ ሰበሰባቸው።

«ቁጥጥር ማለት» አለ፣ «ምንም ያልተሰጠው ማለት ነው አሉ።»

ዳርጌ ቀና አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አላየንም?»

«ማንም።»

ሣራ ወንበሯ ላይ ተነቃነቀች። «እኔ አውቅ ነበር» አለች። «ትህትና በመጀመሪያው ቀን ስትመጣ ጠይቄያት ነገረችኝ።»

ሁሉም ወደሷ ዞሩ። ኤርጎ ለመቆጣት ፈለገ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርዎት ስመጣ ጠመኔ ይዘው አራተኛ ክፍል ሲገቡ አገኘሁዎት። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግሥቱም ገቡ።»

ሰኞ ኤርጎ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ግቢው ውስጥ ቆመ። አንድ ሰዓት ላይ ዘበኛው ቸርኬውን መታ። ልጆቹ እንደ ወትሮው መጡ፤ ለነሱ የተነገራቸው ነገር የለምና። ከመምህራኑ ዘጠኙ ነበሩ። ዳርጌ አሥር ደቂቃ ዘግይቶ እያለከለከ ደረሰ፤ ከትምህርት በኋላ ገበያ ቢወርድም ጨው የሚገዛው ሰው እንዳልጎደለ ሁለት ዓመት አይቶታል። አንዱ መምህር አልመጣም፤ የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ኤርጎ ገበያ ውስጥ አግኝቶ አነጋገረው። በሚቀጥለው ሰኞ መጣ፤ ባይደሰትም መጣ።

የአሥራ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ሙከራ አንድ ዓመት ፈጀ። የሣጥኖቹም ጉዳይ ተለወጠ፤ መጽሐፍ ቢቀደድ ማንም እንደማይጠየቅ በጽሑፍ ሲደርሰው ፍሥሐ ሁለቱን ቁልፎች አውልቆ ለልጆቹ ከፈተ፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ የተቀደደ ቀን ግን አሞት ተኝቷል። ውጤቱ ሲመጣ ከአሥራ ሁለቱ በስምንቱ ልጆቹ በደንብ ማንበብ ጀምረዋል። አዳራሹ አጨበጨበ። ኤርጎ እጁን አወጣ።

«አራቱስ?»

«ገና አላወቅንም» አለች ዮዲት።

ከአራቱ አንዱ ወደ ቱርሚ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ኤርጎ ፈቃድ ጠይቆ በገበያቸው ቀን በአይሱዙ ጋቢና ወርዶ እዚያ ዋለ። ሰዓቱን እንደ ዋርካ ሥር ቀይረዋል፤ ወንዶቹ መጥተዋል፤ ሴቶቹ ልጆች ግን የሉም። መንደር ገብቶ ጠየቀ። እናቶቹ ለገበያው ሩቅ ስለሚሄዱ ሌሊት ይነሣሉ፤ ሕፃናቱን የሚይዙት ታላላቅ እኅቶች ናቸው። ደወሉ በስንት ሰዓትም ቢመታ ሕፃን የታዘለባት ልጅ አትመጣም። ኤርጎ ከትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጋር ለረጅም ጊዜ ተከራከረ። ሰውየው «ትምህርት ቤት የሕፃን ማቆያ አይደለም» ይላል፤ ኤርጎ «አዝለው ይግቡ፤ ፊደል ሕፃን አይከለክልም» ይላል። በመጨረሻ ለአንድ ወር ለመሞከር ተስማሙ።

ስልክ በሚሠራበት ቦታ ደርሶ ለዮዲት ደወለላት። አዳመጠችውና «ስንት ሴት ልጆች ናቸው ሕፃን የሚይዙት?» አለችው።

«ብዙ ናቸው።»

«ስንት?»

ኤርጎ አልቆጠረም ነበር። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ያንኑ መንገድ ተመልሶ ሄደ። ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እያንዳንዷ ልጅ ሕፃኗን አዝላ ስትገባ ደብተሩ ላይ ጭረት አደረገ። አንዱ ሕፃን ሲያለቅስ እኅቱ ወጥታ አባብላው ስለተመለሰች ሁለት ጊዜ ቆጥሯት እንደሆነ አላረጋገጠም። ስለዚህ ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ብሎ ጻፈ።